ያለ ምክንያት የሚመታ ልብ

ስልኩ ሲጮህ ተመራማሪዋ ከበሬ እጢ ላይ ስብ እየላጠች ነበር። እጢዋ ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ ተደፍታ የምትገኝ፣ የሕፃን መዳፍ የምታክል ነገር ናት። ከቄራ በበረዶ ተከባ ገና መምጣቷ ነው፤ ቶሎ ተልጣና ታጥባ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ካልገባች ውስጧ ያሉት ህዋሳት ይሞታሉ። ስለዚህ ሴትየዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ስልኩ አረፍ ብሎ እንደገና ጮኸ። ባልደረባዋ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነስታ አነሳችውና፣ ትንሽ ካዳመጠች በኋላ፣ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችላት።

የደወሉት ከሆስፒታል ነው። አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር መንገድ ላይ ታሞ እንደገባ፣ የቅርብ ዘመድ ሲባልም የእሷን ቁጥር እንደሰጠ ነገሯት። ወንድሟ እንደሆነ ጠየቋት።

"አዎ፣ ወንድሜ ነው" አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ ዓመታት አልፈው ስለነበር ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ቢላዋውን ለባልደረባዋ ሰጥታ ወጣች። በመንገድ ላይ ስለ ወንድሟ የምታውቀውን ስታሰላስል ያገኘችው የቆየ ነገር ብቻ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ "ነጎድጓድ" ይሉታል። ስሙ የወጣለት ለድምፁ ብቻ አይደለም። ደህና ተቀምጦ ሲጫወት ድንገት ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ ከዚያ ሳህኑም ብርጭቆውም ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሚስቱ ይህን ለዓመታት ችላ ኖራ በመጨረሻ ተማሪ ልጇን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው። እህቱም ብቻዋን ናት። እሷን ግን ማንም ጥሏት አልሄደም፤ ከመጀመሪያውም የመጣ አልነበረም፤ ወይም ማይክሮስኮፕ ላይ እንዳቀረቀረች መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሳታየው አልፏል።

ነጎድጓድን ያገኘችው አልጋው አጥሮት ተንጋሎ ነው። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሲያያት ሊነሳ ሞከረና ተወው።

"አንድም ሰው አልተጫረም፣ ትንሿ" አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። የሷም ፀጉር ቢሸብት ለሱ ያው ትንሿ ናት።

ነገሩን ቆይቶ አስረዳት። መሪ እንደያዘ ራሱን በመዶሻ የመቱት ያህል ወጋው፤ ልቡ ደረቱን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ፤ ላቡ ዓይኑን ጋረደው። ያም ሆኖ አውቶቡሱን ወደ ዳር አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ በሩን ከፍቶ ነው መሪው ላይ የተደፋው። ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ለሌላው ነገር ሁሉ፣ ለደም ግፊቱም፣ ለተሰካበት መርፌም ግድ ያለው አይመስልም።

ቀዶ ሐኪሟ እህቱን ወደ ጎን ጠርታ የሆዱን ምስል አሳየቻት። ከግራ ኩላሊቱ በላይ እንቁላል የሚያህል ዕባጭ ተቀምጧል። ተመራማሪዋ ስሙ እስኪነገራት አልጠበቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ከበሬ እያወጣች ስታያቸው የኖረችው ህዋሳት ናቸው። እነዚህ ግን ያለ ልክ ተባዝተው፣ ያለ ትእዛዝ አድሬናሊን እየረጩ፣ በገዛ ወንድሟ ሆድ ውስጥ ሲኖሩ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ይህን የሚያውቅ የለም" አለች ቀዶ ሐኪሟ። "ዓመታት ሊሆነው ይችላል። ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው።"

ይወጣል፣ ግን ዛሬ አይደለም። ሳይዘጋጁ ቢነኩት የያዘውን ሁሉ ባንዴ ደም ውስጥ ደፍቶ ሰውየውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ የደም ሥሮቹን የሚያላላ ኪኒን መውሰድ አለበት፤ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ ጨው አለመቆጠብ፣ ከባድ ዕቃ አለማንሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቻውን አለመሆን። የት ነው የሚኖሩት ሲሉት ከመናኸሪያው ጀርባ የተከራያትን አንዲት ክፍል ተናገረ። ከማን ጋር ሲሉት ዓይኑን ወደ ተሰካበት መርፌ መለሰ።

"እኔ ቤት ይሆናል" አለች እህቱ። ምን እንዳለች ራሷ የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው።

ቤቷ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ወንድሟ በየደረጃው መዞሪያ እያረፈ ወጣ። መኝታ ቤቷን ለቀቀችለትና እሷ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረች። ኪኒኑ አፍንጫውን ስለዘጋው አተነፋፈሱ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ከአልጋ ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ዓለም እስክትረጋለት ይጠብቃል። እሷ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ቀድታ፣ ግፊቱን ለክታ፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ስትመለስ የበላበትን አጥቦ፣ ፎጣውን አጥፎ፣ በመስኮቱ ታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች እያየ ታገኘዋለች። ያን የሚያህል ሰው እንግዳ ቤት እንደገባ ልጅ ዕቃ ላለመንካት ይጠነቀቃል።

በጨዋታ ግን አልተቀራረቡም። ስለ ኪኒኑ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራሉ። ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ቀን ግን ማንም አያነሳውም። ብቻዋን ስትኖር ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። አሁን የሁለት ሰው ዝምታ ሞላበት። የበፊቱ ይሻል ነበር ብላ አሰበችና ባሰበችው አፈረች።

ኪኒኑ ገና በወጉ ሳይሠራ፣ አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ ነጎድጓድ ማንኪያውን አቁሞ ቀረ። ፊቱ ደም የሌለው ሆነ። ላይኛው ከንፈሩ ላይ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ። እጁ ብርጭቆውን ያዘ። ከዚያ ዓይኑ በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ አረፈ። ያን አስተያየት ከድሮ ታውቀዋለች፤ ድሮ ቢሆን ተነስታ ትወጣ ነበር። አሁን ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እጢው ነው፣ ጋሼ" አለችው ቀስ ብላ። "አሁን ይወርዳል። እስኪወርድ አብረን እንጠብቀው።"

ብርጭቆውን እንደጨበጠ ትንፋሹን እየቆራረጠ ቆየ። ቀስ እያለ ፊቱ ተመለሰ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ምንም ድምፅ አላሰማም። ከዚያ በእጁ ጀርባ ከንፈሩን ጠርጎ፣ "እኔ የምልሽ፣" አለ፣ "ያን ሁሉ ዓመት ያንን ማሽን አጎንብሰሽ የምታዪው ይህንን ነው?"

ከላብራቶሪው ውጪ ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባጭሩ ልትመልስለት ነበር፤ ግን ወንበሯን አስጠጋች። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች እንዳሉ፣ በየከረጢቱም አድሬናሊን ታጭቆ እንደሚቀመጥ ነገረችው። ሰው ሲደነግጥ ትእዛዝ ይመጣል። ያኔ በህዋሱ ግድግዳ ጥግ ተዘጋጅተው የቆሙት ከረጢቶች ከግድግዳው ጋር ይገጥሙና ቀዳዳ ይከፍታሉ። የያዙት ወደ ደም ይፈሳል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ይወጣል።

"ከዚያስ? ባዶው ከረጢት ይጣላል?"

"የኔ ጥያቄ እሱ ነው" አለች። ሳታውቀው ድምፅዋ ሞቅ አለ። "አይጣልም። ህዋሱ የከረጢቱን ቆዳ መልሶ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ይሞላዋል፣ እንደገና ያወጣዋል። አንዳንዱ ከረጢት ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ከግድግዳው ይቀላቀላል፤ በኋላ ከዚያው ቆዳ ተቆንጥሮ እንደ አዲስ ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ትንሽ አፍስሶ፣ ዘግቶ ይመለሳል። የትኛው መቼ፣ ለምን፣ ገና አልጨረስኩትም።"

ነጎድጓድ አሰበበት። "እንደኛው ነዋ። መናኸሪያ ገብቶ፣ አራግፎ፣ ተጠርጎ፣ ሌላ ጭኖ የሚወጣ አለ። በቅጡ ሳይቆም ሁለት ሰው አውርዶ የሚያመልጥም አለ። ሁለተኛው ሁሌም ይከሰሳል።"

ሳቀች። ከሰው ጋር እንዲህ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

"የኔዎቹስ?" አለ።

"ያንተዎቹ ትእዛዝ አይጠብቁም። ባሰኛቸው ጊዜ ይከፍታሉ።"

ለረጅም ጊዜ እጆቹን አየ። "ልቤ እንዲያ ሲመታ ምክንያት እፈልግለት ነበር" አለ። "በከንቱ እንዲህ ሊመታ አይችልም እላለሁ። የተናደድኩ ነው የሚመስለኝ። ዘወር ስል አጠገቤ ያለው ሰው ምክንያት ይሆናል።"

እሷ ስለ እነዚህ ህዋሳት ያላነበበችው ነገር አልነበረም። ከውስጥ ሆኖ የነገራት ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ልታጽናናው አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት።

"ትንሿ፣ ለልጄ ንገሪልኝ። አንቺ ካልሻት ታምናለች፤ የተማርሽ ነሽ። አባትሽ ሳይሆን በሽታው ነው በያት። ያን ቀንም ጭምር።"

ያን ቀን። በመጨረሻ አነሳው። ያን ቀን ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ነበር። አክስቷ አባትና ልጅን አስታርቃለሁ ብላ እጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ወሰደቻት። ሦስቱም ተቀመጡ። ነጎድጓድ ልጁን ትክ ብሎ ካየ በኋላ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም፣ የማን እንደሆነች እናቷን ጠይቂያት አለ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አክስቷ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በተቀመጠችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ከወንድሟ በንዴት፣ ከልጅቷ ደግሞ በእፍረት ራቀች።

አሁን የሚከነክናት ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን ነጎድጓድ አልጮኸም። ፊቱ አመድ አልመሰለም፤ ላብ የሚባል አልነበረበትም። እግሩን አነባብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላቱን መርጦ ነው የተናገረው።

"መጀመሪያ ዳን" አለችው። 

የቀዶ ሕክምናው ዕለት፣ በተሽከርካሪ አልጋ ሊወስዱት ሲሉ፣ ከሚወጣው እጢ ጥቂቱን ለምርምር ይሰጥ እንደሆነ ጠየቁት። ፈቀደ። ከዚያ በአገጩ ወደ እህቱ እያመለከተ፣ "ለሷ ይሰጣት። ቢያንስ እንደዚያ ታየኛለች" አለ። ነርሷ በቀልዱ ሳቀች። እህቱ አልሳቀችም።

በደህና ወጣ። ሐኪሞቹ ለራሳቸው ምርመራ ከወሰዱት የተረፈውን ቁራጭ በበረዶ ሸፍነው ሰጧት። ወደ ላብራቶሪው ይዛው ሄዳ ለበሬው የምታደርገውን ሁሉ አደረገችለት፤ ላጠች፣ አጠበች፣ ህዋሳቱን በተነች።  ባልደረባዋ ልርዳሽ ብትላት እምቢ አለች።

በማግስቱ ህዋሳቱ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው፣ ተረጋግተው አገኘቻቸው። ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ዘንግ አምጥታ የአንዱን ህዋስ ጎን አስነካችው። ከረጢት በተከፈተ ቁጥር፣ የፈሰሰው አድሬናሊን ዘንጉን ሲነካው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሹል ሆኖ ብድግ ይላል። የበሬ ህዋስ እስኪቀሰቅሱት ድረስ ጸጥ ይላል፣ መስመሩም ለጥ ብሎ ይተኛል። የወንድሟ ህዋስ ማንም ሳይነካው ብድግ አለ። አረፈ። ደግሞ ብድግ አለ፤ ከዚያ ተከታተለ። ፈሳሹ ውስጥ የጨመረችው ቀለም ወደ ውስጥ በሚሳበው ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚገባ ነው። መብራቱን ስትለውጠው በህዋሱ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ብርሃኖች ነጠብጠብ ብለው ታዩ። ተከፍተው የተመለሱት ከረጢቶች ናቸው። እንደገና ሊሞሉ፣ እንደገና ሊወጡ ይጠብቃሉ፤ የሚያዛቸው የለም፣ የሚያስደነግጣቸውም የለም።

የተሰበረው ሳህን፣ በር ዘግታ የምታለቅሰው ሚስት፣ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻውን ያሳለፈው ሌሊት ሁሉ ከዚህ የወጣ መሰላት። ማንም ያላየው ሰው ሆኖ ታያት።

"አይዞህ" አለች።

ባልደረባዋ ቀና ብላ ምን እንዳለች ጠየቀቻት። ምንም አላልኩም አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ልትጠይቀው ስትገባ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ድምፁ ሰልሏል፤ ቀለሙ ግን ተመልሷል። ከራስጌው ያለው ስክሪን የልቡን ምት እየተከተለ አረንጓዴ መስመር ይስላል። ሐኪሞቹ ግፊቱ የለጋ ወጣት ይመስላል እንዳሉት በደስታ አወራት። ከዛሬ በኋላ ሌላ ሰው ነኝ አላት። ልጁ ጋ መቼ እንደምትሄድም ጠየቃት።

ይህን ሲያወሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጽዳት ሠራተኛ ከአልጋው ሥር ለመጥረግ ጎንበስ ሲሉ ክርናቸው ኮመዲኖውን ነካና ብርጭቆው ተገልብጦ ውሃው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ሴትየዋ ይቅርታ ብለው ጨርቅ አወጡ። ነጎድጓድ ድምፁን አላነሳም።

"ለመጥረጊያ እንኳ የማትሆኚ" አለ። "ማን ነው አንቺን እዚህ ያስገባሽ?"

ሴትየዋ አንገታቸውን ደፍተው ወለሉን ወለወሉና ወጡ። እህቱ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ነው። ደረቅ ነው። ቀጥሎ ስክሪኑን አየች። መስመሩ እንደነበረው ይሄዳል፤ አልፈጠነም፣ አልዘለለም። ዓይኗን መልሳ ወደሱ ስታዞር፣ እሱም እዚያው ስክሪን ላይ አፍጥጦ አገኘችው። መስመሩ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቀዶ ሐኪሟ ገባች። ቁስሉን አየች፣ ደስ አላት። ከዚያ ይህ በሽታ አንዳንዴ በዘር እንደሚተላለፍ፣ ስለዚህ የሥጋ ዘመድ ደም ሰጥቶ መመርመር እንዳለበት ነገረችው። እህት እንዳለችው አይታለች።

"ልጅ አለዎት?" ብላ ጠየቀችው።

ነጎድጓድ ከግድግዳው ፊቱን አላነሳም። "አንድ ልጅ አለችኝ" አለ።

ልጁ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌንስ እየሞረደች በፍሬሙ ልክ ታወጣለች። አክስቷ ቦታውን ታውቀው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ በመስታወቱ ውስጥ አይታት የተመለሰችበት ቀንም አለ። ዛሬ ግን ተሻግራ ገባች።

ልጅቷ ማሽኑን አጥፍታ፣ እጇን ጠርጋ ሳመቻት። አሳሳሟ የሩቅ ዘመድ ነበር። ከዚያ ፊቷን አይታ፣ "አባቴ ሞተ?" አለቻት።

"አልሞተም። ታሞ ነበር፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ደህና ነው።"

"እሱ ነው የላከሽ?"

"ልኮኛል። ግን የላከኝን አይደለም የምነግርሽ፤ ያየሁትን ነው።"

ነገረቻት። ስለ ዕባጩ፣ ያለ ትእዛዝ ስለሚከፈቱት ከረጢቶች፣ ባዶ ሆነው ተመልሰው ስለሚሞሉት፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት ሲደነግጥ ሰውየው ምክንያት ይፈልግ እንደነበር። ልጅቷ ያላለቀ ሌንስ በጣቶቿ እያገላበጠች አዳመጠች።

"ያ ቀንስ?" አለች በመጨረሻ።

አክስቷ መንገዱን ሙሉ ስታመላልሰው የመጣችው ይህን ነበር። አዎ ብትል ሁለት ሰው ታስታርቃለች። ከሷ በላይ የሚያውቅ የለምና ተሳስተሻል የሚላትም አይኖርም።

"ያን ቀን በሽታው አልነበረም" አለች። "ላብ አልነበረበትም።"

"አውቃለሁ" አለች ልጅቷ። "ልጅ ሆኜ ሁሌ የማየው ላይኛው ከንፈሩን ነበር። ላብ ቸፈፍ ሲልበት ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ጎረቤት እሮጣለሁ። ያን ቀንም ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ደርቋል። ደህና ነው ብዬ ነው አጠገቡ የተቀመጥኩት።"

 ተመራማሪዋ እዚህ ቤት ስትገባ እውቀት ይዛ የመጣች መስሏት ነበር። ልጅቷ ግን ገና በሕፃንነቷ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ከፍርሃት ተምራው ኖሯል።

"አንቺም እዚያ ነበርሽ" አለች ልጅቷ፣ ለወቀሳ ሳይሆን ነገሩን ለመጨረስ ያህል።

"ነበርኩ።"

ከፊት ለፊት ክፍሉ ባለሱቁ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ይሰማል። አክስቷ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ሌላም ጉዳይ እንዳለ፣ በሽታው በዘር ሊመጣ ስለሚችል እሷም ልጅቷም ደም መስጠት እንዳለባቸው ነገረቻት።

ልጅቷ ደስ በማይል ሳቅ ሳቀች። "የሱ ልጅ ካልሆንኩ ምን አስመረመረኝ?"

"ሐኪሟ ልጅ አለዎት ስትለው፣ አንድ ልጅ አለችኝ አላት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው፤ ግን ብሏል።"

ልጅቷ ሌንሱን በጨርቅ ጠረገችው፤ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ደግሞ ጠረገችው። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ሹራቧን ከማንጠልጠያው አወረደች።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ደም የሚቀዳው ሰው ዝምድናቸውን ጠይቆ፣ አክስትና የወንድም ልጅ መሆናቸውን ሲሰማ፣ ጣቶቻችሁ ይመሳሰላሉ አላቸው። ሁለቱም ጣቶቻቸውን አዩ። እውነቱን ነው። ውጤቱ ጊዜ እንደሚወስድ ነግሮ፣ ጥጥ አስይዞ አሰናበታቸው።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ጥጡን እንደጫነች ቆመች። "ውጤቱን ብቻዬን መስማት አልፈልግም" አለች።

"ወደኔ ነይ። አብረን እንሰማዋለን።"

"እሱ እዚያ ነው የሚሆነው?"

ተመራማሪዋ ሌላ መልስ ቢኖራት ወደደች። "አዎ። ሌላ የሚሄድበት የለውም።"

ልጅቷ ወደ ደረጃው አየች። ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደተኛ ጠየቀች፤ ተነገራት። የምትሄድ መስላ አንድ እርምጃ ተራመደች።

"ዛሬ አይደለም" አለች። "ለውጤቱ ግን እመጣለሁ። ለሱ ብዬ አይደለም።" ከዚያ አክስቷን ሳመቻት፤ የአሁኑ አሳሳም ትንሽ ጠበቅ ያለ ነበር። በትልቁ በር በኩል ወጥታ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች።

ነጎድጓድ እህቱ ስትገባ ምንም አልጠየቃትም። ራሷ ጀመረች።

"ታች ነበረች። ደም ሰጥታ ሄደች።"

"እዚህ ሕንፃ ውስጥ?"

"እዚሁ።"

 በሽታው ነው አልሻት ወይ ብሎ ይጠይቀኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር። አልጠየቃትም። እሷም ቢሆን ልትደብቀው አልፈለገችም፤ ሳህኑን የወረወረው በሽታው ነው፣ የዚያን ቀኑ ቃል ግን የበሽታው አልነበረም እንዳለቻት ነገረችው። ስለ ከንፈሩም ነገረችው፤ ልጅቷ ያን ቀን ደህና ነው ብላ እንደተቀመጠች።

ነጎድጓድ እጁን አንስቶ ከንፈሩን ነካ። ሳያወርደው ብዙ ቆየ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን እየደበዘዘ ነበር።

"ያቺን ሴትዮ ጥሪልኝ" አለ በመጨረሻ። "ያቺን የምትጠርገውን።"

ወጥታ ጠየቀች። ተራቸው አልቆ ወደ ቤታቸው ሄደዋል አሏት። ተመልሳ ነገረችው።

"ነገ ትመጣለች?"

"ጠዋት ይገባሉ አሉ።"

"ስትመጣ ተኝቼ እንደሆነ ቀስቅሺኝ" አለ፣ ነገ ጠዋት እህቱ እዚያ የመሆኗን ነገር እንደ ታወቀ ቆጥሮ። ዓይኑን ጨፈነ። ብዙም ሳይቆይ አተነፋፈሱ ከበደ።

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ተንዘፈዘፈ። ባልደረባዋ ናት፤ ድምፅዋ የቸኮለ ነው። ህዋሳቱ እንደ ዛሬ ንቁ ሆነው አያውቁም፣ ከዛሬ ወዲያ ግን እየደከሙ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ከሰው የወጣ ህዋስ ደግሞ ዕድሜ ልክ ተጠብቆ ላይገኝ ይችላል። ዘንጉን እንደሷ የሚያስጠጋ እጅ የለም። ትመጫለሽ ወይ፣ መብራቱን ላቆየው ወይ አለቻት።

ተመራማሪዋ ወንድሟን አየችው። አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል። ብትሄድ አያውቅባትም፤ ሳይነቃ ልትመለስም ትችላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው ነገር መልሱ ከዚያ መስታወት ላይ ሊሆን ይችላል።

"አልመጣም" አለች በሹክሹክታ። "የቻልሽውን እይልኝ፤ የቀረው ይቅር።"

ስልኩን ዘጋችው። ወንበሩን ድምፅ እንዳያሰማ አንስታ ወደ አልጋው አስጠጋችና ተቀመጠች።